ምስክር የጠፋበት ከተማ፦ የካርሳንዳስ ሙልጂ ክስ፣ ቦምቤ 1862

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

በሴፕቴምበር 1861 በሕንዷ ቦምቤ፣ በዛሬዋ ሙምባይ፣ አንድ የነጋዴዎች ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ብቻ ነበር። በመንፈሳዊ አባታችን ላይ ማንም እንዳይመሰክር። የመሰከረ ከማኅበረሰቡ ይወገዛል። ከተወገዘ ሰው ጋር ደግሞ ማዕድ የሚቆርስ የለም። ልጁን የሚያገባለት የለም። ቢሞት ሬሳውን የሚሸኝ የለም። ተሰብሳቢዎቹ ተስማምተው ተበተኑ።

ስብሰባው የተጠራው በአንድ የ29 ዓመት የጋዜጣ አዘጋጅ ምክንያት ነው። ካርሳንዳስ ሙልጂ ይባላል። በጉጃራትኛ ይጽፍ የነበረ ደራሲና ጋዜጠኛ፣ ለማኅበራዊ ለውጥ የታገለ ሰው ነው። ስም አጥፍተሃል ተብሎ 50,000 ሩፒ ካሳ ተጠይቆበታል። በዚያ ዘመን ይህ ሀብታም ነጋዴ እንኳ የሚደነግጥበት ገንዘብ ነው። የጻፈው እውነት መሆኑን ካላስረዳ አለቀለት። ለማስረዳት ምስክር ያስፈልገዋል። ያዩትና የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ እዚያው ስብሰባ ውስጥ የተቀመጡት ናቸው።

ይህን ጉዳይ በዝርዝር መመዝገብ የፈለግኩት ለዚህ ነው። ስለ ደፋር ብዕር ብዙ ይወራል። ከተጻፈ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ፣ ምስክር ስለመፈለግና ስለ ጠበቃ ወጪ ግን እምብዛም አይወራም። ካርሳንዳስ እዚህ ላይ ያደረገውን ማወቅ ዛሬም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ከሳሹን በስም አልጠራም። ተራ ምስክሮቹንም እንደዚያው። ካርሳንዳስን፣ አብረውት የቆሙትን የታወቁ ሰዎችና ዳኞቹን ግን እጠራለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ለማነጻጸር ያህል፣ ይህ ሁሉ ሲሆን በእኛ አገር አጼ ቴዎድሮስ ነግሠው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የተነሣውም ከዚችው ከቦምቤ ነው።

ከክሱ በፊት የነበረው ሁኔታ

ቦምቤ በእንግሊዞች እጅ ያለች የንግድ ከተማ ነበረች። በጥጥና በጨርቅ ንግዱ ላይ ትልቅ ቦታ የነበራቸው በምዕራብ ሕንድ ካለው ከጉጃራት የመጡ ሰዎች ናቸው። ባኒያ፣ ባትያና ሎሃና የሚባሉ የነጋዴ ካስቶች፣ ማለትም ሰው በትውልድ የሚገባባቸው የማኅበረሰብ ክፍሎች፣ ነበሩ። የድሮ ሰዎች በምጽዋ ወደብ የሚነግዱትን ሕንዶች «ባንያን» ይሏቸው የነበረው ከዚሁ ስም የመጣ ነው።

ካስት ለእነዚህ ሰዎች ሁሉም ነገር ነበር። ብድር የሚገኘው በካስት ነው። ጋብቻውም፣ ቀብሩም፣ የንግድ ሽርክናውም በዚያው በኩል ያልፋል። ከእድር መባረር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ይገባዋል። እዚያ ግን ከእድርም ይብሳል። የተወገዘ ሰው ገበያውንም ያጣል።

ከእነዚህ ነጋዴዎች ብዙዎቹ የፑሽቲማርግ ተከታዮች ነበሩ። ፑሽቲማርግ ቫላባቻርያ (1479–1531) የመሠረቱት፣ አምላክ ክሪሽናን የሚያመልክ የሂንዱ እምነት መንገድ ነው። መሪነቱ በዘር ይወረሳል። የመሥራቹ ዘሮች «መሃራጅ» ይባላሉ። ምእመኑ መሃራጁን እንደ ተራ ሰባኪ አያየውም። የአምላኩ መገለጫ አድርጎ ነው የሚሰግድለት። አንድ ሰው ወደ እምነቱ ሲገባ አካሉን፣ አእምሮውንና ሀብቱን ለአምላክ ይሰጣል። በጉጃራትኛ «ታን፣ ማን፣ ዳን» ይሉታል።

ጥያቄው የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ለአምላክ የተሰጠው በተግባር የሚደርሰው ለማን ነው? ነጋዴዎቹ በሚሸጡትና በሚገዙት ዕቃ ላይ ለመሃራጆቹ የሚከፈል መዋጮ ነበረባቸው። ይህ እንኳ በገንዘብ የሚያልቅ ነገር ነው። የከፋው ሐሜት ሌላ ነበር። ለአምልኮ በሚመጡ ሴቶች ላይ አንዳንድ መሃራጆች ያሻቸውን ያደርጋሉ ይባል ነበር። ብዙ ሰው ያውቃል። በየቤቱ ይወራል። አደባባይ ላይ የሚናገር ግን የለም።

ከክሱ ጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ነገር ሆነ። ጋዜጦች መተቸት ሲጀምሩ የቤተ መቅደስ በር በምእመናኑ ላይ ተዘጋ። የአምላኩን ምስል ሳያይ እህል የማይቀምስ ምእመን በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። በመጨረሻ ነጋዴዎቹ በሩ እንዲከፈትላቸው ሲሉ አንድ ሰነድ ፈረሙ። መሃራጆቹን የሚተች ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው እንዲወገዝና መሃራጆች ፍርድ ቤት እንዳይጠሩ ጥረት እንዲደረግ የሚል ነበር። ካርሳንዳስ በጋዜጣው ላይ ለዚህ ሰነድ ስም አወጣለት። «የባርነት ውል» አለው። ስሙ ተለጥፎ ቀረ።

ሰውየው

ካርሳንዳስ በ1832 ተወለደ። ራሱም የባኒያ ልጅ ነው። ቤተሰቡም የዚሁ እምነት ተከታይ ነው። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች አንዲት አክስቱ አሳደገችው። ቦምቤ ውስጥ ኤልፊንስቶን የሚባለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ።

ገና ተማሪ ሳለ ለአንድ የጽሑፍ ውድድር ድርሰት ማዘጋጀት ጀመረ። ርእሱ ባሏ የሞተባት ሴት እንደገና ማግባት ትችላለች ወይ የሚል ነበር። በዚያ ዘመን በላይኛዎቹ ካስቶች ዘንድ ልጃገረዶች በሕፃንነታቸው ይዳራሉ። ባሉ ከሞተ፣ ልጅቷ የ10 ዓመት ልጅ ብትሆንም፣ ዕድሜዋን ሙሉ ባል እንደሞተባት ትኖራለች። ካርሳንዳስ ማግባት ትችላለች ብሎ ጻፈ። አክስቱ ጽሑፉን አወቀችበት። ከቤት አስወጣችው።

ይህች ትንሽ ታሪክ ለጉዳዩ ቁልፍ ናት። ካርሳንዳስ ስለ መወገዝ የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ቤቱን አጥቷል። ኑሮውን ለመግፋት አስተማሪ ሆነ። በኋላ የታወቁት የሕንድ ፖለቲከኛ ዳዳባይ ናውሮጂ በ1851 በመሠረቱት «ራስት ጎፍታር» ጋዜጣ ላይ መጻፍ ጀመረ። በ1855 የራሱን ሳምንታዊ ጋዜጣ አቋቋመ። «ሳትያፕራካሽ» አለው፣ የእውነት ብርሃን ማለት ነው። በ1857 የተጀመረው «ስትሪ ቦድ» የተባለ የሴቶች መጽሔት አዘጋጅ ሆኖም ሠርቷል።

ብቻውን አልነበረም። ከእሱ አንድ ዓመት የሚያንሰው፣ የጉጃራቷ ከተማ የሱራት ገጣሚ ናርማድ (1833–1886) የዚሁ ትውልድ ሰው ነው። የአዲሱ የጉጃራትኛ ስድ ንባብ አባት የሚባለው እሱ ነው። በ1858 ሥራውን ለቅቆ በብዕሩ ብቻ ለመኖር የወሰነ ሰው ነው። የኤልፊንስቶን ልጆች በማኅበር ተደራጅተው ንግግር ያደርጋሉ፣ ይከራከራሉ፣ ያሳትማሉ። ካርሳንዳስ የበቀለው ከዚህ ክበብ ነው።

ጽሑፉ

በ1860 አንድ መሃራጅ ከሱራት ወደ ቦምቤ መጣ። ከሌሎቹ የሚለየው በአደባባይ ለመከራከር ፈቃደኛ መሆኑ ነው። መጽሔት ያሳትማል። ከናርማድ ጋር ባል የሞተባቸውን ሴቶች ስለማጋባት ፊት ለፊት ተከራክሯል። ክርክሩ ያለ ስምምነት ተበተነ። ከዚያ በኋላ ወሬው ወደ ጋዜጦች ተሻገረ።

ኦክቶበር 21 ቀን 1860 ካርሳንዳስ በሳትያፕራካሽ ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ርእሱ የሂንዱዎችን የጥንት ሃይማኖትና የአሁኑን የመናፍቅነት ትምህርት የሚያነጻጽር ነው። የጥንቱ እምነት ንጹሕ ነው፣ ኋላ የመጡት ግን አበላሽተውታል ይላል። ከዚያ ወደ መሃራጆቹ ይዞራል። የምእመኖቻቸውን ሚስቶችና ሴት ልጆች ያባልጋሉ ብሎ በግልጽ ይጽፋል። መጨረሻ ላይ ያንን መሃራጅ በስሙ ጠርቶ ያናግረዋል።

ስሙን መጥራቱ ነው ነገሩን የለወጠው። «አንዳንድ መሃራጆች» ብሎ ቢያቆም ኖሮ ክስ ባልመጣ ነበር። ስህተት ነበር ብዬ ግን አላስብም። ስም ያልተጠራበት ትችት ለብዙ ዓመታት ሲጻፍ ቆይቶ ያመጣው ለውጥ አልነበረም።

ክሱና ዋናው ችግር

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። እዚህ ግን ከሳሽ ሆኖ የመጣው ንጉሥ ነው ሊባል የሚችለው ሰው ነው። ሜይ 14 ቀን 1861 መሃራጁ በቦምቤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። ተከሳሾቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ካርሳንዳስ፣ ሌላው ጋዜጣውን ያተመው ናናባይ ሩስቶምጂ ራኒና።

ተከሳሽ በእንዲህ ዓይነት ክስ ብዙ መውጫ አለው። ይቅርታ ይጠይቃል። ወይም እሱን ማለቴ አይደለም ይላል። ካርሳንዳስ ከባዱን መንገድ መረጠ። አዎ ጻፍኩ፣ የጻፍኩትም እውነት ነው አለ። በእንግሊዝ ሕግ ይህ መከላከያ ከተሳካ ተከሳሹን ነጻ ያወጣዋል። ሸክሙ ግን ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ ይዞራል። ከሳሹ ምንም ማስረዳት የለበትም። ተከሳሹ እያንዳንዱን ነገር ማስረዳት አለበት።

ያኔ ነው ያ የነጋዴዎች ስብሰባ የተጠራው። መሃራጁ ንጹሕ ነው ብሎ መከራከር ሳያስፈልግ አፍ ማስያዝ ብቻ ይበቃ ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ በእኔ እይታ ከሁሉም የበለጠው ነው። ካርሳንዳስና ጠበቆቹ ስብሰባውን ራሱን ፍርድ ቤት ወሰዱት። ምስክር እንዳይመሰክር አድሞ መከልከል በሕግ ወንጀል ነው። ስለዚህ ዋናው ክስ ከመሰማቱ በፊት የስብሰባው መሪዎች በሤራ ተከሰሱ። ነገሩ በታሪክ «የባትያዎች ሤራ ጉዳይ» ተብሎ ይታወቃል። በ1861 መጨረሻ ላይ ጥፋተኛ ተብለው መቀጮ ተፈረደባቸው።

መቀጮው ሀብታሞችን የሚያደኸይ አይደለም። ግን ሁለት ነገር ሠራ። አንደኛ፣ ለመመስከር የፈለገ ሰው ምክንያት አገኘ። «ፍርድ ቤት ጠራኝ፣ መቅረት አልችልም» ማለት ተቻለ። ሁለተኛ፣ ማስፈራራቱ ራሱ ማስረጃ ሆነ። የሚደበቅ ነገር ከሌለ አፍ ማስያዝ ለምን አስፈለገ ብሎ ሰው መጠየቅ ጀመረ።

ሁለተኛው እርምጃ የካስቱ እጅ የማይደርስባቸውን ሰዎች መፈለግ ነበር። ይህን ነጥብ ለማየት ዝርዝሩን ደጋግሜ ማየት ነበረብኝ። አብሮት የተከሰሰው አታሚ ፓርሲ ነው፣ ማለትም የዞሮአስተር እምነት ተከታይ። የባኒያ ጉባኤ ፓርሲን ማውገዝ አይችልም። ታዋቂው ሐኪም ዶክተር ባው ዳጂ ባትያም ባኒያም አይደለም። የስኮትላንዱ ሚስዮናዊ ጆን ዊልሰን የሕንድ ሃይማኖቶች ሊቅ ሆኖ ቀርቧል፣ እሱን ማን ያወግዘዋል? ውግዘት የሚሠራው በውስጥ ሰው ላይ ብቻ ነው። ካርሳንዳስ የመከላከያውን አከርካሪ ያቆመው በውጭ ሰዎች ነው።

ግን በውጭ ሰው ብቻ አይቻልም። ቤት ውስጥ የሆነውን የሚያውቀው የቤት ሰው ነው። ስለዚህ ጥቂት የባትያ ነጋዴዎች ቀርበው መሰከሩ። እነዚህ ሰዎች የከፈሉት ዋጋ ከካርሳንዳስ ያነሰ አይደለም። እሱ ቀድሞም ከቤቱ የወጣ ሰው ነው። እነሱ ግን ሱቅ አላቸው፣ የሚዳሩ ልጆች አሏቸው፣ ማታ የሚመለሱት ወደዚያው ሰፈር ነው።

ሦስተኛው ጠበቃ ነው። ቶማስ ቺዝም አንስቲ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል የነበረና በሆንግ ኮንግ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ኃይለኛ ተናጋሪ ነው። ወጪውም እንደዚያው።

ችሎቱ

ጉዳዩ መሰማት የጀመረው ጃንዋሪ 25 ቀን 1862 ነው። ዳኞቹ ዋና ዳኛ ሰር ማቲው ሶስና ሰር ጆሴፍ አርኖልድ ነበሩ። ለከሳሹ 31 ምስክር፣ ለተከሳሾቹ 33 ምስክር ቀረበ። ምስክር ጠፋ በተባለበት ከተማ 33 ሰው። የችሎቱ አዳራሽ በሰው ተጨናነቀ። ጋዜጦች ቃል በቃል እየጻፉ አወጡት።

ከሳሹ ራሱ ቃሉን ሰጠ። ሁሉንም ካደ። ሐኪሞቹ ሲቀርቡ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በአባለዘር በሽታ ታሞ እንዳከሙት መሰከሩ። ከሳሹ በመሐላ የካደው ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ የሌላ ቃሉም ክብደት ወረደ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሐኪም የታካሚውን ምስጢር አደባባይ ማውጣቱ ዛሬ ቢሆን ትልቅ ጥያቄ ያስነሣል። ያኔም ቀላል አልነበረም። ክሱ የተረታው በዋናነት በዚህ ማስረጃ ከሆነ፣ ድሉ ራሱ የሚቆረቁር ነገር አለበት። ሐኪሞቹ በፍርድ ቤት ተጠርተው በመሐላ ነው የተናገሩት፣ ያ ልዩነት ያመጣል። ቢሆንም ይህን ማስረጃ ሳያነሱ ጉዳዩን እንደ ንጹሕ የእውነት ድል ማቅረብ ትክክል አይመስለኝም።

ሁለተኛው የሚቆረቁር ነገር ከዚህ ይብሳል። ክርክሩ ሁሉ ስለ ሴቶች ነው። ተጎዱ የተባሉት ሴቶች ግን አልተናገሩም። ስለ እነሱ የተናገሩት ወንዶች ናቸው። የከሳሹ ወገንም ተጎዳች የምትሏት ሴት የታለች ብሎ ተከራከረበት። መልሱ ግልጽ ነው። እንዲህ ያለ ቃል የሰጠች ሴት በዚያ ማኅበረሰብ ውስጥ መኖር አትችልም። ወንዱ ቢወገዝ ሱቁ ይቀዘቅዛል። ሴቷ ግን የምትገባበት የላትም። ካርሳንዳስ ለወንዶች ምስክሮች ከለላ ፈጠረ። ለሴቶቹ የሚሆን ከለላ ግን እሱም፣ ጠበቆቹም፣ ፍርድ ቤቱም አልነበራቸውም።

ፍርዱ

ኤፕሪል 22 ቀን 1862 ፍርዱ ተነበበ። ዳኞቹ በአንድ ነጥብ አልተስማሙም። ዋና ዳኛው ጋዜጣው ሰውየውን በስም ጠርቶ መውረፉ ከመብቱ ያለፈ ነው የሚል አቋም ነበራቸው። አርኖልድ ግን የማኅበረሰቡ ጋዜጣ አዘጋጅ እንዲህ ያለውን ነገር መናገር ግዴታው ነው አሉ። በዋናው ጭብጥ ላይ ተስማሙ። የተጻፈው እውነት ነው። ካርሳንዳስ ረታ።

ከአርኖልድ ፍርድ አንድ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የቀረበልን ጥያቄ የሥነ መለኮት ሳይሆን የሥነ ምግባር ነው ካሉ በኋላ፣ ተከሳሹና ምስክሮቹ የቆሙለት መርሕ «በሥነ ምግባር ስህተት የሆነ ነገር በሃይማኖት ትክክል ሊሆን አይችልም» የሚል ነው አሉ።

ለካርሳንዳስ 11,500 ሩፒ ወጪና ኪሳራ ተቆረጠለት። ያወጣው ግን ከዚያ በላይ ነው። ረትቶም ከኪሱ ከፍሏል። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በኦገስት 1862፣ የቦምቤ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲቋቋም ያ አሮጌ ፍርድ ቤት ተዘጋ። ሰር ማቲው ሶስ የአዲሱ የመጀመሪያ ዋና ዳኛ ሆኑ።

የሠራውና ያልሠራው

በጉጃራትኛ የሚጻፍ ጋዜጣ ኃያል ሰውን ተችቶ በሕግ ሊቆም እንደሚችል ታየ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቦምቤ ወጣቶች ካርሳንዳስን ጀግና አደረጉት። መሃራጅ ፍርድ ቤት አይጠራም የሚለው የባርነት ውልም ፈረሰ ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም መሃራጁ ራሱ መጥቶ በመስቀለኛ ጥያቄ ተፈትኗል።

መዋቅሩ ግን አልፈረሰም። የመሪነቱ ሥርዓት ቀጠለ። እምነቱ ዛሬም በርካታ ተከታዮች አሉት፣ አብዛኞቹም ስለዚያ ክስ ሲነሣ ቅር ይላቸዋል። አንድ እውነተኛ ቅሬታም አላቸው። የጥንቱ ሃይማኖት ይህ ነው፣ የአሁኑ መናፍቅነት ነው ብሎ የፈረደው የውጭ ገዢ ፍርድ ቤት ነው። የቀረበው ሊቅም ሚስዮናዊ ነው። የአንድን ሰው ምግባር መመርመርና የአንድን ሕዝብ እምነት መመርመር ይለያያሉ። ካርሳንዳስ ሁለቱን በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አቀላቀላቸው። መሃራጁ ምን አደረገ በሚለው ላይ ብቻ ቢያተኩር ኖሮ ጽሑፉ የበለጠ ጠንካራ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ካስቱም ቂሙን አልረሳም። በ1863 ካርሳንዳስ ለጥጥ ንግድ ወደ እንግሊዝ ሄደ። ጊዜው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የጥጥ ዋጋን ያናረበት ነው። ባሕር መሻገር ለካስቱ ርኩሰት ነበር። በስም ማጥፋቱ ክስ ሊይዙት ያልቻሉት ሰዎች በዚህ አገኙት። ተወገዘ። እሱ ግን ስለ ጉዞው በጉጃራትኛ መጽሐፍ ጻፈ።

ነገሩ ያረጀ ይመስላል። ግን በ2024 በዚህ ክስ ላይ የተሠራ ፊልም ሊወጣ ሲል ምእመናን አቤት አሉ። የጉጃራት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለጊዜው አገደው። ከዚያ ፊልሙን አይቶ ፈቀደው። ከ162 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ለሌላ ሥራ የሚያገለግለው

በጋዜጠኝነት፣ በሰብአዊ መብት ወይም በማኅበራዊ ሥራ ላይ ያለ ሰው ከዚህ ጉዳይ መጀመሪያ ሊወስድ የሚገባው ስለ ምስክር ነው። ኃያልን የሚነካ ነገር ከመጻፍ በፊት «ይህን ማን ያውቃል?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ሌላ መምጣት አለበት። ያ የሚያውቅ ሰው ቢመሰክር ምን ያጣል? ቤት? ሥራ? ጋብቻ? የሚያጣው ነገር ከታወቀ ከለላው ምን መሆን እንዳለበት ይታወቃል። ካርሳንዳስ ይህን ያወቀው ከክሱ በኋላ ነው። ዕድል ረዳው። ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ማስፈራራት ሲመጣ መሸሽ ወይም መጮህ ብቻ አይደለም ያለው። መመዝገብና ራሱን የቻለ ጉዳይ ማድረግ ይቻላል። ስብሰባው መቼ ተደረገ፣ ማን ተናገረ፣ ምን ተወሰነ? የባትያዎች ሤራ ጉዳይ ባይኖር ዋናው ችሎት ላይ 33 ሰው ባልቆመ ነበር።

የውጭ ሰውና የውስጥ ሰው ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የውጭ ሰው አይፈራም፣ ግን ያየው ጥቂት ነው። የውስጥ ሰው ሁሉን አይቷል፣ ግን ይፈራል። የውጮቹ ቀድመው ሲቆሙ የውስጦቹ ይደፍራሉ።

ገንዘብም አለ። ካርሳንዳስ ጓደኞችና ደጋፊ ነጋዴዎች ባይኖሩት ኖሮ እውነቱን ይዞ ይሸነፍ ነበር። የጠበቃ ወጪ የሚታሰበው ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ነው።

የሴቶቹ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ውስጥ መፍትሔ አላገኘም። ስለ ተጎጂ የሚናገር ሰው፣ ተጎጂዋ ራሷ እንድትናገር ምን እንደሚያስፈልጋት መጠየቅ አለበት። ቦምቤ ውስጥ በ1862 ያንን የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ

ካርሳንዳስ ኋላ በጉጃራት ወዳለው ወደ ካትያዋር ሄዶ በትንንሽ መንግሥታት አስተዳደር ውስጥ ሠራ። በ1871 አንድ የራሱ ካስት ነጋዴ ባሏ የሞተባትን ሴት ሲያገባ አብሮ ቆመ። ተማሪ ሳለ ከቤት ያስወጣው ድርሰት ርእስ ይኸው ነበር። በዚያው ዓመት በኦገስት ሊምዲ ውስጥ አረፈ። 39 ዓመቱ ነበር።

ማሂፓትራም ኒልካንት የሚባል ሌላ የጉጃራት ለውጥ አራማጅም በ1860 እንግሊዝ ሄዶ ሲመለስ ተወግዞ ነበር። የልጁ ሚስት ቪድያጋውሪ ኒልካንት ከእህቷ ከሻራዳ ጋር በ1901 ዲግሪ ያዘች። ከጉጃራት ሴቶች የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ስለ ሴቶች ሕይወት በጉጃራትኛ በራሳቸው ስም ጻፉ።